ድራፍት ዕጣ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የ2027ቱ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ድራፍት ዋሽንግተን ዲሲ፣ ናሽናል ሞል ላይ እንደሚካሄድ ያወጣችሁትን ዘገባ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በስልኬ፣ ቀጥሎ ልጄን ጠርቼ ጮክ ብዬ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ስቀመጥ። ርዕሱ «የተጫዋቾች ዕጣ አወጣጥ ሥነ ሥርዓት» ይላል። ውስጡም ስድስት ቦታ ላይ «ዕጣ» ይላል፤ ቆጥሬዋለሁ። «ክለቦቹ በዕጣ የደረሳቸውን ወጣት ይወስዳሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጋ ስደርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ተነሣሁ።

ድራፍት ሲባል ቢራ የሚመጣበት አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ለቃሉ አማርኛ መፈለጋችሁን አልነቅፍም። ዕጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ዕጣ ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው አይነገረውም። ዕቁብ የጣለ ያውቀዋል። ኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዓመት የቆጠረ ያውቀዋል። ከመካከላችን ዲቪ ደርሶት እዚህ አገር የገባ ስንቱ ነው? ዕጣ ሲወጣ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ የደረሰው ተመስገን ይላል፣ ያልደረሰው የሚቀጥለውን ይጠብቃል። በድራፍት ግን ለማንም ምንም «አይደርሰውም»። ባለፈው ዓመት ውጤቱ የከፋው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፣ ሱፐር ቦውሉን፣ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ የወሰደው መጨረሻ ላይ ይመርጣል፤ 32 ቡድን፣ ሰባት ዙር። ዓመቱን ሙሉ ሲከታተላቸው፣ ሲመዝናቸው፣ ሲያስሮጣቸው ከከረመው የኮሌጅ ልጆች መካከል አንዱን ስሙን ጠርቶ ይወስዳል። መራጩ ስም ያለው፣ ደሞዝ የሚበላ ሰው ነው። ተራ ቁጥሩ በዕጣ የሚወሰንበት ድራፍት ማየት ከፈለጋችሁ እዚያው ከተማ የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ዊዛርድስ አለላችሁ፤ በ2025 ከሊጉ ከታች ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ ሳለ የዕጣ ኳሶቹ ወደ ስድስተኛ ተራ ጣሉት። በዚያ ማንንም መውቀስ አይቻልም። በኮማንደርስ፣ በዋሽንግተኑ የፉትቦል ቡድን፣ ግን ይቻላል፤ ይገባልም።

ዘገባው ደግሞ በዚህ አላበቃም። «ጨዋታው ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ እንግዳ ነው» ብሎ ደመደመ። ለዚህ የቀረበው ማስረጃ አራት ወጣቶች ናቸው፤ አራቱም የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች። ዘጋቢያችሁ ከአንድ ጠረጴዛ ሳይነሣ የአንድ ከተማ ሕዝብ ታሪክ ጻፈ። እሑድ እሑድ ደጋፊውን ወደ ቡድኑ ሜዳ፣ ወደ ላንዶቨር ስታዲየም፣ በታክሲ ሲያመላልስ የኖረው ማን ነው? በየፓርኪንጉ ቡዝ ውስጥ ተቀምጦ ከመኪና መኪና ውጤት ሲጠይቅ የነበረውስ?

እኔ ዋሽንግተን የገባሁት በ1991 መስከረም ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው።) በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ሥራ አገኘሁ። አብሮኝ የሚሠራ፣ ከእኔ አሥር ዓመት ቀድሞ የመጣ ጎንደሬ ነበር፤ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው። ጋሼ አንድ ትንሽ ራዲዮ ነበረችው። ፍራንክ ኸርዞግ ጨዋታውን ሲያስተላልፍ፣ ሶኒ ጀርገንሰንና ሳም ሃፍ ደግሞ ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ ያልገባኝን ጋሼ በደረሰኝ ጀርባ ላይ እየሣለ ያስረዳኛል። አንዱ አለቃችን «እዚህ ለሥራ እንጂ ለራዲዮ አልተቀጠራችሁም» ብሎ ሲወስድብን በማግስቱ ሌላ ገዛን። የክፍል እንግሊዝኛ ከመማሬ በፊት የተማርኩት እንግሊዝኛ ይኸ ነው። ጃንዋሪ 26 ቀን 1992 ቡድናችን ቡፋሎን 37 ለ 24 አሸንፎ ሱፐር ቦውሉን ሲያነሣ ሁለታችን ቡዙ ውስጥ ተቃቅፈን ነበር፤ አንድ መኪና መውጫ አጥቶ ጥሩምባውን ይነፋል። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ሱፐር ቦውል ደርሶ አያውቅም። ይህ ሁሉ ዓመት ያለፈው አብዛኛው በምርጫ ስሕተት መሆኑን ዓይኔ አይቷል፤ «ዕጣ» የምትለዋ ቃል ይህን ሁሉ ትሸፍነዋለች።

ከድሉ ሦስት ወር ቆይቶ፣ በ1992ቱ ድራፍት፣ ዋሽንግተን ከስድስተኛ ወደ አራተኛ ተራ ለመውጣት ከፍላ ዴዝመንድ ሃዋርድን ወሰደች። እኛ ጋ ሳይሳካለት ሄዶ በግሪን ቤይ ማሊያ የሱፐር ቦውል ኮከብ ተባለ። በ1994 በሦስተኛ ተራ ሂዝ ሹለር ተመረጠ፤ በዚያው ድራፍት በሰባተኛው ዙር፣ በ197ኛ ተራ የመጣው ገስ ፍረሮት ቦታውን ቀማው። እነዚህን ቶሎ ልለፋቸው፤ ቁስሉ ሽሯል።

ያልሻረው የ2012ቱ ነው። ኳርተርባኩን (ኳስ አቀባዩን፣ የማጥቃቱን መሪ) ሮበርት ግሪፊን ሳልሳዊን ለማግኘት ለሴንት ሉዊስ ራምስ ሦስት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ፣ ማለትም የመምረጥ ተራ፣ ተሰጠ። ልጄ ያኔ አሥር ዓመቱ ነበር፤ የ10 ቁጥሩን ማሊያ ገዛሁለት። ጃንዋሪ 6 ቀን 2013፣ የገና ዋዜማ፣ ቤታችን ዶሮው እየተሠራ፣ እኛ ጾም ላይ ሆነን ከሲያትል ጋር የሚደረገውን ጨዋታ ተቀመጥን። በመጀመሪያው ሩብ 14 ለ 0 መራን። ከዚያ የግሪፊን ጉልበት ታጠፈ። 24 ለ 14 ተሸነፍን፤ ልጄ ማሊያውን ሳያወልቅ አልቅሶ ተኛ፣ በማግስቱም ገናን ያለ ወሬ ዋልን። ጉዳቱን አልወቅስም፤ ጉዳት የእግዚአብሔር ነው። የምወቅሰው ዋጋውን ነው። ዲሴምበር 7 ቀን 2014 ራምስ ላንዶቨር ድረስ መጥተው ጨዋታው ሲጀመር ለሚጣለው ሳንቲም ስድስት ተጫዋች አሰለፉ፤ ስድስቱም እኛ በሰጠናቸው ምርጫዎች ያገኟቸው ልጆች ነበሩ። 24 ለ 0 አሸንፈውን ሄዱ። ጋሼ ያን ቀን ቲቪውን አጥፍቶ ወጣ። በዕጣ የተሸነፈ ሰው እንዲህ አይዋረድም።

ሚዛናዊ ልሁን። በ2020 በሁለተኛ ተራ ተከላካዩ ቼስ ያንግ ሲመረጥ ኳርተርባኩ ጀስቲን ኸርበርት ገና አልተወሰደም ነበር፤ በስድስተኛ ተራ ቻርጀርስ ወሰዱት። ዛሬ ብዙ ሰው በዚያ ይፈርዳል። እኔ አልፈርድም። ያኔ እኔም ቼስ ያንግን ነበር የምመርጠው፤ በዓመቱ የመከላከል ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሏል፣ ከዚያ ጉልበቱን ተጎዳ። መጥፎ ዕድልና መጥፎ ምርጫ ይለያያሉ፤ «ዕጣ» ስትሉት ግን ልዩነቱን ታጠፉታላችሁ።

አሁን መጥፎ ምርጫ ወደምለው ልምጣ፤ አንዲት ቦታ ብቻ ልያዝ። ኮርነርባክ፣ የተጋጣሚን ኳስ ተቀባይ እግር በእግር የሚከተለው ተከላካይ። በ2023 ዋሽንግተን በ16ኛ ተራ ኢማኑኤል ፎርብስን መረጠች። ልጁ በኮሌጅ ስድስት ኳስ ነጥቆ ወደ ታችዳውን (ወደ ጎል እንደ ማለት ነው) የቀየረ፣ ባለ ክብረ ወሰን ነው። ክብደቱ ግን 75 ኪሎ ገደማ። ስሙ ሲጠራ ለልጄ «ይህ ልጅ ከፊላደልፊያው ኤ ጄ ብራውን ጋር እንዴት ይገፋፋል?» አልኩት። ጥያቄውን ለመጠየቅ የአሠልጣኝነት ወረቀት አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። በቀጣዩ ተራ፣ በ17ኛው፣ ኒው ኢንግላንድ ክርስቲያን ጎንዛሌስን ወሰደች፤ በሁለተኛ ዓመቱ ከሊጉ ምርጦች ተርታ ገባ። እኛስ? ኦክቶበር 1 ብራውን 175 ያርድና ሁለት ታችዳውን አስመዘገበብን። በአራተኛው ቀን 14 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፋ የመጣችው ቺካጎ ሜዳችን ላይ 40 ለ 20 ረታችን፤ ዲ ጄ ሙር ብቻውን 230 ያርድና ሦስት ታችዳውን። ፎርብስ ከቋሚ ተሰላፊነት ወረደ፤ በ2024 ኖቬምበር መጨረሻ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ተሰናበተ። ልጁ ላይ አልፈርድም፤ እሱ ራሱን አልመረጠም።

አንድ የተሳሳተ ምርጫ ብቻውን አይቀመጥም። የፎርብስ ቦታ ባዶ ስለቀረ በዚያው ወር ማርሾን ላቲሞርን ከኒው ኦርሊንስ ለማምጣት የ2025 ሦስተኛ፣ አራተኛና ስድስተኛ ዙር ምርጫዎች ተሰጡ። ይህም አልበቃ ብሎ በ2025 በ61ኛ ተራ ሌላ ኮርነርባክ፣ ትሬ ኤሞስ፣ ተመረጠ። አንድ ቦታ ለመሙላት ስንት ምርጫ ወጣ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የ40ኛዋ ተራ ናት። ጠንካራው ተከላካይ ሞንቴዝ ስዌት በ2023 ወደ ቺካጎ ሲሸኝ የመጣችልን ምርጫ በ2024 ድራፍት 40ኛ ተራ ሆነች። ዓርብ ማታ ነበር፣ ከሆሳዕና ሁለት ቀን በፊት፤ ከጸሎት መልስ ሽሮ ቀርቦ እያለ ተራዋ ደረሰች። የአዮዋው ኩፐር ደጂን፣ ኮርነርባክ፣ ገና አልተወሰደም። ልጄና እኔ እኩል ስሙን ጠራን። ዋሽንግተን ግን 40ኛዋን ከ78ኛና ከ152ኛ ጋር አድርጋ በ50ኛ፣ በ53ኛና በ161ኛ ለወጠች። ለማን? ለፊላደልፊያ፣ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ለምንገጥማት ባላንጣ። ፊላደልፊያ በተቀበለችው ተራ ደጂንን ጠራች። ጃንዋሪ 26 ቀን 2025፣ ጋሼና እኔ ቡዙ ውስጥ ከተቃቀፍን ልክ 33 ዓመት በሞላበት ቀን፣ በሱፐር ቦውል ደጃፍ ላይ ፊላደልፊያ 55 ለ 23 አፈረሰችን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደጂን በ22ኛ ልደቱ ቀን በሱፐር ቦውል የካንሳስ ሲቲውን ኳርተርባክ የማሆምስን ኳስ ነጥቆ ታችዳውን አገባ። ያቺን ተራ በፈቃዳችን ነው የሰጠናቸው። በዕጣ የደረሳቸው ምን አለ?

ልክ ነው፣ በ50ኛ ተራ የመጣው ማይክ ሴንሪስቲል ወርቅ ልጅ ነው። ሄይቲ ተወልዶ በልጅነቱ እዚህ የመጣ፤ ዲትሮይትን 45 ለ 31 ስናሸንፍ ሁለት ኳስ ነጥቋል፤ የስደተኛ ልጅ ስለሆነ ደግሞ ቤታችን ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። በ53ኛ የመጣው ቤን ሲኖት ግን በመጀመሪያ ዓመቱ ጥቂት ኳስ ብቻ ያዘ። አንድ ጥሩ ልጅ ማግኘታችን ሌላውን ለባላንጣ ማስረከባችንን አያጠፋም።

በዚያው ድራፍት በሁለተኛ ተራ ኳርተርባኩ ጄደን ዳንኤልስ መመረጡንም አልረሳሁም። 4 ጨዋታ አሸንፎ 13 የተሸነፈውን ቡድን 12 አሸናፊ፣ 5 ተሸናፊ አደረገው፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ። ይህንንም «ዕጣ» ካላችሁት ዳንኤልስን አምነው የመረጡትን ሰዎች ምስጋና ትነጥቃላችሁ። እኔ የቡድኑን ዋና ሥራ አስኪያጅ አዳም ፒተርስን ስለ ዳንኤልስ አመሰግነዋለሁ፣ ስለ 40ኛዋ ተራ እጠይቀዋለሁ፤ ሁለቱም የእሱ ሥራ ናቸው። በ2025 አምስት ተጫዋች ብቻ መርጦ ወጣ። ለላሬሚ ተንሲል ዝውውር የ2026 ሁለተኛና አራተኛ ዙር ምርጫዎችን ጭምር ሰጥቷል። ተንሲል የዳንኤልስን ጀርባ ይጠብቃል፣ ይህ ይገባኛል። ራምስ አሰልፈው ያሳዩንን ስድስት ልጆች ግን አሁንም አያቸዋለሁ፤ ነገን አሳልፎ የመስጠት ልማድ ያስፈራኛል።

ከዚህ ቀደም ስለዚሁ ጨዋታ ሁለት ደብዳቤ ልኬላችሁ ነበር፤ አንዱም አልወጣም። ሦስተኛው ይውጣ። «ዕጣ» ያላችሁበትን ስድስት ቦታ «ምርጫ» ብላችሁ አርሙልኝ። ዘጋቢያችሁም የጨዋታው ወቅት ሲጀምር እሑድ ቀን አሌክሳንድሪያ ይምጣ፤ የቀድሞ የፓርኪንግና የታክሲ ሠራተኞች የምንሰበሰብበት ቤት አለ፣ ቡናው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ይፈላል። ጋሼም ይኖራል። ዳሬል ግሪን በ1983 በአንደኛው ዙር የመጨረሻ ተራ፣ በ28ኛው፣ ሲመረጥ ያስታውሳል። ሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ አጭር ነው ብለው ያለፉት ልጅ ለ20 ዓመት የዋሽንግተን ኮርነርባክ ሆኖ ኖረ። ዘጋቢያችሁ ማስታወሻ ደብተሩን ይያዝ፤ ጋሼ አሁንም በወረቀት ላይ እየሣለ ነው የሚያስረዳው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ