«አረም ብቻ ነው» ያልኩሽ ጓሮ

ውድ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ግማሹ ዕቃ እስካሁን ከካርቶን አልወጣም፤ እሱን ስትመጪ ታይዋለሽ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ጓሮው ነው። አዲሱ ቤት በገባን ሳምንት ደውለሽ «እማ፣ ጓሮው ምን አለው?» ስትዪኝ «ምንም የለውም፣ አረም ብቻ ነው» አልኩሽ። ድምፅሽ ቅዝዝ ሲል ተሰምቶኛል። የድሮው ቤት ዛፍሽ ትዝ እንዳለሽ ገብቶኛል። ያን መልሴን ማረም እፈልጋለሁ። ሳላይ ነበር የመለስኩልሽ።

ሐሳቤ ሁሉንም ነቃቅዬ፣ ቆፍሬ፣ እንደ አዲስ መትከል ነበር። አንዱን ጥግ ጀምሬውም ነበር። ሦስት ሦስት ቅጠል ያላትን ማገጥ ከነሥሯ ስነቅላት ሥሯ ላይ ጥቃቅን እብጠቶች አየሁ። በሽታ መሰለኝ። አንዱን በጥፍሬ ስከፍተው ውስጡ ሮዝ ነው። ለካ የባክቴሪያዎች ቤት ኖሯል! ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሏ እንደ ምግብ ያዘጋጁላታል፤ እሷ ደግሞ ስኳር ትሰጣቸዋለች። ተክሏ ሞታ ስትበሰብስ ናይትሮጅኑ ለአፈሩ ይተርፋል። አፈሩን የምታዳብረውን ነቅዬ ልጥል፣ ከዚያ ማዳበሪያ ልገዛ ነበር ማለት ነው። መቆፈሪያውን የዚያኑ ቀን አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ጠዋት፣ አባትሽ ሳይነሳ፣ እወጣለሁ። ምንም አልሠራም፤ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

አጥሩ ሥር አንዲት ያረጀች ጽጌረዳ አለች። ለጋ ቅርንጫፎቿን ክሽክሽ ወርሷቸው አገኘሁ። አረንጓዴ፣ ከሰሊጥ የሚያንሱ፣ ጭማቂዋን የሚመጥጡ ተባዮች ናቸው። ጉንዳኖች ደግሞ ግንዷ ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ጠጋ ብዬ ሳይ አንዱ ጉንዳን ክሽክሹን በአንቴናው ዳሰስ ዳሰስ ያደርገዋል። ከክሽክሹ የኋላ ጫፍ ጠብ የምትል ጣፋጭ ፈሳሽ ትወጣለች፤ ጉንዳኑ እሷን ይጠጣል። ልክ እንደ ላም ያልባቸዋል ነው የምልሽ! እንደ እረኛም ይጠብቃቸዋል፤ ሊበላቸው የመጣውን ያባርርላቸዋል።

እዚያው ቅጠል ላይ ግን አንድ የሚያስጠላ ነገር ነበር። ጥቁር፣ ጀርባው ሸካራ፣ ጎኑ ላይ ብርቱካንማ ነጥብ ያለው፤ ትንሽዬ አዞ በይው። ጽጌረዳዋን የሚጨርሳት እሱ ነው ብዬ ሦስቱን በድንጋይ ጨፈለቅኳቸው። ማታ ስለ እነሱ ሳነብ ደነገጥኩ። የዚያች አንቺ ልጅ ሆነሽ መዳፍሽ ላይ ታስሄጃት የነበረች፣ ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ እጮች ናቸው። ክሽክሹን የሚበሉልን እነሱ ናቸው፤ አንዱ ብቻ በቀን ብዙ ደርዘን ይበላል። ጽጌረዳዋን ሊያድኑ የመጡትን ነው የገደልኩት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ደግነቱ ሌሎች ተርፈው ነበር። የተባይ መድኃኒት መርጨት የሚባለውን ነገር እርግፍ አድርጌ ተውኩት። አንደኛው እጭ ከቀናት በኋላ ቅጠል ላይ ተጣብቆ ደረቀ፤ ሞተ ብዬ አዘንኩ። ከሳምንት በኋላ ጠዋት ስወጣ ቆዳው ተሰንጥቆ ጥንዚዛዋ ስትወጣ ደረስኩ። ቀይ እንዳይመስልሽ! ፈዛዛ ቢጫ ነበረች፣ አንድም ነጠብጣብ የላትም። ክንፏ ለስላሳና እርጥብ ነበር። አልተነሳሁም። ሰዓታት ሲያልፉ ነጠብጣቦቿ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ ቢጫውም ቀስ እያለ እየቀላ ሄደ። አባትሽ ሁለቴ ጠርቶኝ አልሰማሁትም።

ለአንቺ ብዬ ያስቀመጥኩት ደግሞ የመሬት ትሎቹን ነው። ዝናብ ሲዘንብ ከአፈሩ ይወጣሉ። ሳንባ የላቸውም፤ የሚተነፍሱት በቆዳቸው ነው፣ ስለዚህ ቆዳቸው ከደረቀ ይሞታሉ። ድንጋይ ላይ የቀሩትን እያነሳሁ ሣሩ ውስጥ እመልሳቸዋለሁ። ቻርልስ ዳርዊን ከአርባ ዓመት በላይ ሲመራመርባቸው ኖሮ በ1881 እ.ኤ.አ. ስለ እነሱ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። አንቺ ትዝ ያልሽኝ በምን መሰለሽ? ትሎቹን ከነማሰሯቸው ፒያኖ ላይ አስቀምጦ ቁልፎቹን ይመታ ነበር። አጠገባቸው ሲጮህባቸው ምንም ያልመሰላቸው ትሎች፣ ማሰሮው ፒያኖው ላይ ሲሆን ግን ንዝረቱ ተሰምቷቸው ሽው ብለው ወደ አፈሩ ገቡ። አንቺ ስትለማመጂ የኛዎቹም ይሰማቸው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

በረንዳው መብራት አጠገብ አንዲት ሸረሪት አለች። ማታ ማታ ድሯን አዲስ ትሠራለች፤ አሮጌውን ጠቅልላ ትበላዋለች። መጥረጊያ እንዳይነካት አባትሽን አስጠንቅቄዋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ከመስኮትሽ ፊት ለፊት፣ ልቆፍረው ከነበረው ቦታ ላይ፣ ከዝናቡ በኋላ ማንም ያልተከለው ነገር በቀለ። ቅጠሉ ረዘም ያለ፣ ሥሩ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ነው። ከኛ በፊት እዚህ የኖረ ሰው ተክሎት ሄዶ ይሆናል። ብቆፍር ኖሮ በአካፋ ቆርጬው ነበር። ትናንት መሐሉ ላይ አንድ እንቡጥ አወጣ። ጫፉ ገና አረንጓዴ ስለሆነ ቀለሙን መለየት አልቻልኩም። አባትሽ ነጭ ነው ይላል፤ እኔ ቀይ መስሎኛል።

ስትመጪ ያቺን አጉሊ መነጽርሽን እንዳትረሺ።

የምትወድሽ እናትሽ