ከጠርዙ እስከ መሃሉ፦ የሥነ ምድር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮም «ድንጋይ ለቃሚዎቹ» መባላችን አልቀረም። ይሁን፣ ለምደነዋል። አንዳንዶቹ አባሎቻችን እንዲያውም እንደ ማዕረግ ይዘውት ይዞራሉ። አዘጋጆቹ ግን በዚህ እትም ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተውናል፤ ባለፈው ከስፖርት ውጤቶች ሥር ጥቂት መስመር ነበር የደረሰችን። ስለዚህ ክበቡ በእርግጥ ምን ሲሠራ እንደከረመ ልናገር።

የዓመቱ ርዕሳችን ኢግኒየስ ዓለቶች ነበሩ፤ ከቅልጥ ዓለት ቀዝቅዘው የተፈጠሩት ማለት ነው። ማግማ ከመሬት በታች፣ ላቫ ከመሬት በላይ መሆኑን ሁሉም ተማሪ ከክፍል ያውቀዋል። እኛ የፈለግነው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። አንድ ድንጋይ እጃችን ላይ ቢቀመጥ፣ ጥልቀት ውስጥ ይቀዝቅዝ ወይስ ገጽታ ላይ፣ በዝግታ ይሁን በፍጥነት፣ ከምን ከምን እንደተሠራ ከራሱ ማንበብ እንችላለን ወይ? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እንችላለን ነው። የሚያስፈልገው ዓይን፣ አጉሊ መነጽርና ትዕግሥት ነው። ከሦስቱ መካከል ትምህርት ቤቱ ሊገዛልን የሚችለው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም ገና አልበቃንም።

የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ስብሰባዎች አልዘረዝርም። ኮሚቴ ተመረጠ፣ ደንብ ተነበበ፣ ናሙናዎች ቁጥር ተለጠፈባቸው። የጥንካሬ መለኪያውን ተለማመድን። ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጣው ከ1 እስከ 10 የሚሄደው መለኪያ ዛሬም ይሠራል። የብረት ቢላ 5.5 አካባቢ ስለሆነ 6 የሆነውን ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን አይጭረውም፤ 7 የሆነውን ኳርትዝማ ጨርሶ። ካልሳይትን ግን፣ 3 ነውና፣ በቀላሉ ይጭረዋል። ነጭ ድንጋይ ሁሉ ኳርትዝ ነው ይሉ የነበሩ ልጆች ከዚህ በኋላ ቢላ ሳይጠይቁ አፋቸውን መክፈት ትተዋል።

ከስብሰባዎቹ መካከል አንዱን ግን ማለፍ አልችልም። የኬሚስትሪ ባልደረባዬ ከመደርደሪያው ጥግ ሳሎል የሚባል ነጭ ዱቄት አገኘልን። ሳሎል 42 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ሙቅ ውሃ ይበቃዋል። አንዱን ጠብታ ከማቀዝቀዣ በወጣ ብርጭቆ ላይ፣ ሌላውን በሞቀ ብርጭቆ ላይ አደረግን። በቀዝቃዛው ላይ ደቃቅ ክሪስታሎች በአንዴ ወረሩት። በሞቀው ላይ ጥቂት ብቻ ተነሱ፤ እነሱም ቀስ እያሉ እየሰፉ ሄዱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቅልጡ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ክሪስታል በብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ይጀምራል፣ የማደጊያ ጊዜ ግን አያገኝም። በዝግታ ሲቀዘቅዝ የሚጀምሩት ጥቂት ናቸው፣ እነሱም ያድጋሉ። ግራናይት የክሪስታል ፍሬው በዓይን የሚታየው፣ የባዛልት ፍሬ ግን ብዙ ጊዜ የማይታየው ለዚህ ነው። ኦብሲዲያንማ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ መስታወት ሆኖ የቀረ ነው።

ይህን በድንጋይ ላይ ቀድሞ ያሳየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሆል ነው። ባዛልትን የመሰለ ጥቁር ዓለት በእቶን አቀለጠ። ቶሎ ያቀዘቀዘው መስታወት ሆነ፤ በዝግታ ያቀዘቀዘው ተመልሶ ክሪስታል የሞላው ድንጋይ ሆነ። ሙከራውን እ.ኤ.አ. በ1798 ነው ይፋ ያደረገው። ቀደም ብሎም ሊሞክረው ፈልጎ ነበር፤ ወዳጁ የሥነ ምድር ሊቁ ጄምስ ኸተን ግን በምድጃ ሙከራ የመሬትን ሆድ ማወቅ ይቻላል ብሎ ስለማያምን ሆል ኸተን እስኪሞት ጠበቀ። ልጆቹ በዚህ ታሪክ በጣም ሳቁ። አለቃን ላለማስቀየም ብሎ ነገርን ማቆየት ድሮም ነበር ማለት ነው።

የማዕድን ኬሚስትሪው ክፍል ይከብዳል፣ አልደብቅም። ከመንፈቅ ዓመት በኋላ ቀለል ያለ ክበብ ፍለጋ የሄዱ ልጆች አሉ። የቀሩት ግን ጠንካሮች ናቸው። ከሸክላ ጭቃና ከስንጥር አንድ ሲሊከን በአራት ኦክስጅን የተከበበበትን ቅርጽ ሠሩ። ቅርጾቹ ለየብቻ ሲቆሙ ኦሊቪን የሚባለው አረንጓዴ ማዕድን፣ በሰንሰለት ሲያያዙ ፓይሮክሲን፣ በድርብ ሰንሰለት አምፊቦል፣ በንጣፍ ሚካ ይሆናሉ። በሁሉም አቅጣጫ ሲያያዙ ደግሞ ኳርትዝና ፌልድስፓር። ሚካ በጥፍር የሚላጠው ለምን እንደሆነ ሞዴሉን ከያዙ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የሒሳቡም ሥራ ነበረ። በክብደት 57.3 በመቶ ማግኒዚየም ኦክሳይድ፣ 42.7 በመቶ ሲሊካ (የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ) ያለው ማዕድን ምንድን ነው? የመጀመሪያውን ለሞል ክብደቱ ለ40.3፣ ሁለተኛውን ለሞል ክብደቱ ለ60.1 አካፍሉ። 1.42 እና 0.71 ይመጣል፤ ሁለት ለአንድ። ማግኒዚየም ብቻ ያለው ኦሊቪን፣ ፎርስቴራይት ነው። ኬሚስትሪ ፈተና ላይ ሞልን የሚረግም ልጅ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ይህን ሲሠራ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ክርክርም አልጠፋም። አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ግራናይት ውስጥ አረንጓዴ ነገር አይቶ «ኦሊቪን አገኘሁ» ብሎ መጣ። ጓደኞቹ አላመኑትም። ማስረጃቸው ደግሞ ጥሩ ነበር፦ ግራናይቱ ውስጥ ኳርትዝ ሞልቷል፤ ማግኒዚየም የበዛበት ኦሊቪን ደግሞ ከትርፍ ሲሊካ ጋር ከተገናኘ ተዋህዶ ፓይሮክሲን ይሆናል እንጂ ጎን ለጎን አይኖርም። ካናዳዊው የዓለት ተመራማሪ ኖርማን ቦወን እ.ኤ.አ. በ1922 ባወጣው፣ ማግማ ሲቀዘቅዝ ማዕድናት በሚፈጠሩበት ቅደም ተከተል ኦሊቪን ከመጀመሪያዎቹ፣ ኳርትዝ ከመጨረሻዎቹ ነው። ልጁ ተከራክሮ ተከራክሮ ተረታ። አረንጓዴው ምን እንደሆነ ለመለየት ግን የያዝነው መሣሪያ አላበቃንም። እዚህ ላይ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ጉዞው። ፈቃዱ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አላወራም። በመጨረሻ የድንጋይ ካባ ድረስ ሄድን። ካባው ግራናይት ነው የሚያወጣው። አዲስ የተቆረጠው ግድግዳ ላይ ሁሉም ነገር ይታያል፤ ግራጫና ብርጭቆማ ኳርትዝ፣ ጠፍጣፋ ገጹ የሚያብረቀርቅ ፌልድስፓር፣ ጥቁር ቅጠል የመሰለ ባዮታይት። ይህን ግራናይት ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆት የሚወርድ ጥቁር ግድግዳ አለ። ወርዱ እጅ ዘርግተው የሚደርሱበት ነው። እንዲህ ያለውን ዳይክ እንለዋለን፤ ማግማ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀዝቅዞ የቀረ።

ልጆቹ መከላከያ መነጽራቸውን አድርገው ወደ መዶሻው ተሻሙ። የሚጠበቅ ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን መዶሻ አልነካችም። ዓመቱን ሙሉ ስብሰባ ላይ ድምጿን የሰማሁት ስም ሲጠራ ብቻ ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች። አጉሊ መነጽሩን ይዛ ዳይኩ ፊት ተንበረከከች። ከመሃሉ ጀምራ፣ ጣት በጣት እየለካች፣ ወደ ጠርዙ ሄደች። ደብተሯ ላይ ረጅም ሰረዝ አሥምራ ነጠብጣቦች ታደርጋለች፤ መሃል ላይ ትልልቅ፣ ወደ ዳር እያነሱ የሚሄዱ። ቀርቤ ጠየቅኋት።

«ጠርዙ ላይስ ምን ታየሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«በመነጽሩም ምንም አይታይም፣ ቲቸር። መሃል ላይ ፍሬዎቹ በዓይን ይታያሉ፣ እዚህ በመነጽር ይታያሉ፣ ዳሩ ላይ ምንም። ሳሎሉ ነው እኮ!»

ሳሎሉ ነው። ትኩሱ ማግማ ቀዝቃዛውን ግራናይት የነካበት ቦታ በድንገት ቀዝቅዟል፤ መሃሉ ግን ሙቀቱን ይዞ ቆይቷል። ሥነ ምድር ተመራማሪዎች ይህን ቶሎ የቀዘቀዘ ጠርዝ በደንብ ያውቁታል። እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም ነበር። ከጉዞው ማብቂያ በፊት ላሳያቸው አስቤ ቆጥቤው ነበር። ቀደመችኝ።

ሌሎቹም ተሰበሰቡ። የአሥረኛ ክፍሉ ልጅ (ያው ባለ ኦሊቪኑ) ሞገታት። «ምናልባት ጥቁሩ ቀድሞ ነበረ፣ ግራናይቱ ይሆናል በኋላ የመጣው» አላት። ዝም ትላለች ብዬ ስሰጋ፣ ግራናይቱን በጣቷ አሳየችው። «እንደዛ ቢሆን እሱ ነበር ዳሩ ላይ የሚደቀው። ፍሬው እስከ መጨረሻው ትልቅ ነው፣ አልተለወጠም። ደግሞ ይሄን ተመልከት» አለችው። ጥቁሩ ውስጥ የግራናይት ስብርባሪ ተቀብሮ ነበር። የተዋጠው ከዋጠው ይቀድማል። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና አለ፣ እንደገና ጎንበስ አለ። ከዚያ ሳይጠየቅ ደብተሩ ላይ መጻፍ ጀመረ።

የካባው አለቃ ከኋላችን ቆመው ይሰሙ ኖሯል። «ልጄ ልክ ናት» አሉ። «እኛ ይሄንን ጥቁሩን አንወደውም፣ ግራናይቱን ያበላሽብናል። ዳሩን ስትመታው እንደ ጠርሙስ ነው የሚሰበረው። መሃሉ ግን ይሻክራል።» የዓመታት የእጅ ልምዳቸውና የልጅቷ ደብተር አንድ ነገር ተናገሩ። መምህር ሆኜ ብዙ ፈተና አርሜያለሁ፤ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

ከላይ ያነሳሁት ጄምስ ኸተንም እ.ኤ.አ. በ1785 በስኮትላንድ ግሌን ቲልት በሚባል ሸለቆ ያደረገው ይህንኑ ነው። የግራናይት ጅማቶች ሌላውን ዓለት ሰንጥቀው ሲገቡ አየ። ስለዚህ ግራናይት በአንድ ወቅት ፈሳሽ ነበር፣ ከሰነጠቀውም ዓለት በዕድሜ ያንሳል አለ። በዚያን ዘመን ብዙዎች ግራናይት ከጥንታዊ ባሕር ውሃ የረጋ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በመመለሻው መንገድ ይህን ነግሬያት ነበር። «እሱ ግን መነጽር ነበረው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ያልተሳካልንንም ልናገር። በእጃችን ስስ የዓለት ቁራጭ ለመሥራት ሞክረን ነበር። በማይክሮስኮፕ ብርሃን እንዲያሳልፍ ዓለቱ እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር መሳሳት አለበት። መቁረጫ መጋዝ ስለሌለን ስባሪውን ብርጭቆ ላይ ለጥፈን ካርቦረንደም በሚባል ሻካራ ዱቄት ፈገፈግነው። እጃችን እስኪዝል። አብዛኛው ተሰባበረ። አንዱ ተረፈ። ከተበላሸ ካልኩሌተር ስክሪን ላይ በላጥነው የፖላራይዘር ፊልም (ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ስስ ላስቲክ) መካከል አድርገን ስናየው ኳርትዙ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ አበራ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ችግሩ ኳርትዝ በትክክለኛው ውፍረት ግራጫ ወይም ነጣ ያለ እንጂ ሰማያዊ መሆን የለበትም። ሰማያዊው የሚነግረን ቁራጫችን ከሚገባው እጥፍ በላይ መወፈሩን ነው። እንግዲህ ቀለሙ ራሱ ውፍረቱን ለካልን፤ ቁራጩ ግን ማዕድን ለመለየት አይሆንም።

አሁን ወደዚያ አረንጓዴ ማዕድን ልመለስ። ምንነቱን በትክክል ለመለየት እንዲህ ያለ ፖላራይዘር የተገጠመለት ፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። አንድ ብቻ። አዲስ መሆን የለበትም፤ ሌንሱ ያልሻገተ ያገለገለ ይበቃናል። ለዋንጫዎቹ የመስታወት ካቢኔ ሲሠራ ደስ ብሎናል፤ የስፖርት ቡድናችንም ይገባዋል። የእኛ ናሙናዎች ግን አሁንም ካርቶን ውስጥ ናቸው፤ ካርቶኑም ክረምት በመጣ ቁጥር ይረጥባል። ሦስት አጉሊ መነጽሮችን ለክበቡ በሙሉ እየተዋዋስን ነው የምንሠራው። ልጅቷ ዳይኩን የለካችበትን ለማግኘት ተራ ጠብቃለች።

ወላጆች መካከል የእምነ በረድ ወይም የግራናይት መቁረጫ ቤት ያለው ካለ፣ መጋዙን ለግማሽ ቀን ቢፈቅድልን ከገንዘብ መዋጮ በላይ ነው። የመጀመሪያውን ቀጭን ቁራጭ መጋዙ ያወጣልናል፣ የቀረውን በእጃችን እንፈገፍጋለን። ርእሰ መምህሩ ጥያቄያችንን ተቀብለው «እናየዋለን» ብለዋል። እናየዋለን የተባለው ከዚህ በፊትም ስለነበር፣ በዚህ መጽሔት በጽሑፍ እንዲቀመጥ ፈልጌያለሁ።

ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅዳችን ዳይኩን እንደገና መለካት ነው፤ በዚህኛው ዙር ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው፣ ናሙና እየወሰድን። የካባው አለቃ ያንን ግድግዳ እስከዚያ እንደማይነኩብን ቃል ገብተዋል። ምዝገባ በመጀመሪያው የትምህርት ሳምንት ነው፤ ሒሳብ የሚፈራም ይምጣ።

ከጠርዙና ከመሃሉ የመጡት ሁለት ስባሪዎች፣ ከልጅቷ ንድፍ ጋር፣ ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ተቀምጠዋል። መነጽርም አጠገባቸው በገመድ ታስሯል። እባካችሁ አትፍቱት፤ ከሦስቱ አንዱ ነው።