ኩሽኔታው አራት ስም ነበረው

ሰላም ወንድምዓለም፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህን ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አግኝቻቸው ነበር፣ ደህና ናቸው፣ «ከልጄ ጋር ተኳረፋችሁ እንዴ» ሲሉኝ ግን በጣም አፈርኩ። አልተኳረፍንም። የላክልኝን ቮይስ ሁሉ ሰምቻለሁ፣ ማታ ተረጋግቼ እመልሳለሁ እያልኩ ሁለት አመት ሄደ፣ ይቅር በለኝ።

የበላኝ ስራው ነው። ፋብሪካው ከወረቀት ወጥቶ ሲስተም ይግባ ተባለና የስቶሩ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። 2014 ላይ ጦርነቱ ከኮምቦልቻ ወጥቶ ስንመለስ ያየነውን ታስታውሳለህ፣ የእቃው መመዝገቢያ ቢን ካርዱ ወለል ላይ ተበትኖ፣ ግማሹ ውሃ ገብቶበት፣ የስንት አመት መዝገብ ሌላ ኮፒ የለው። አንድ በአንድ እየለቀምን ፀሐይ ላይ ስናሰጣ የዋልንበት ቀን እስካሁን ከአይኔ አልጠፋም።

ሰው ስራው ኮምፒውተር መግዛት ይመስለዋል። ኮምፒውተሩማ በሳምንት መጣ፣ አበሳው ስሙ ላይ ነው። 6204ን አልረሳሃትም አይደል፣ ያቺ 20 በ47 በ14 ሚሊ የሆነችው ኩሽኔታ? አንዱ ካርድ ላይ «ኩሽኔታ»፣ ሌላው ላይ «ቤሪንግ 6204»፣ ሶስተኛው ላይ በማበጠሪያው ማሽን ስም «የካርዲንግ ኩሽኔታ ትንሹ»፣ አራተኛው ላይ ደግሞ የድሮ ኮድ ብቻ። አራት ካርድ፣ አራት መደርደሪያ፣ እቃው ግን አንድ። አንዱ ካርድ ዜሮ ስለሚል ግዢ ይጠየቃል፣ ሌላው ጋ 38 ፍሬ ቁጭ ብሏል፣ ዶላር በጠፋበት ሰአት! ይሄን እንዳለ ኤክሴል ላይ ገልብጠን ጭነነው ቢሆን ያው ስህተት ኮምፒውተር ውስጥ ገባ ማለት ነበር። ስለዚህ የስቶራችንን ሰው ጋሼን ለመንኳቸው። ጡረታቸው ደርሶ ነበር፣ እምቢ አላሉኝም። ኩሽኔታውን አንስተው ግራሶውን በአውራ ጣታቸው ጠረግ ያደርጉና ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው ጠርዙ ላይ ያለውን ቁጥር ያነቡልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ቁጥሩ የጠፋበትን ደግሞ ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከተው ይነግሩኛል፣ በካሊፐር ስለካው ልክ ነው። ቺንጋውን፣ ቡሎኑን፣ ስፒንድሉን ሁሉንም እንዲህ ነው የሄድንበት፣ አራት ወር ሙሉ። እኔን ከጠየቅከኝ ሲስተሙን የሰሩት እሳቸው ናቸው።

ከዛ ደግሞ የቀኑ ጣጣ መጣ። የእቃ ገቢው ሞዴል 19 እና የወጪው ሞዴል 22 ሁሉ የተጻፈው በኛ አቆጣጠር ነው፣ ሲስተሙ የሚያውቀው የፈረንጁን። 12/4/2015 የገባ ማቅለሚያ የፈረንጁ 2015 መሰለውና ጊዜው ካለፈ ከርሟል ብሎ በቀይ ዘጋው። የጳጉሜዎቹንማ ጭራሽ አልቀበልም አለ፣ 13ኛ ወር ምን ብሎ ይወቅ። የ2015 ጳጉሜ 6ን ሴፕቴምበር 11፣ 2023 እያልን በእጃችን አንድ በአንድ ቀየርን፣ አይናችን እስኪቀላ።

ዘንድሮ ሐምሌ 1 ጀመርን። የሞዴል 22 ጥራዙን ግን አልጣልንም፣ ኔትወርክ ሲጠፋ በእጅ ይቆረጣል፣ ሲመለስ እዛው ቀን ይገባል። ወረቀቱ ካልጠፋ ሰው አይለምድም የሚሉ አለቆች አሉ፣ እኔ በዚህ አልስማማም፣ ከሌሊቱ 8 ሰአት ማሽን ቆሞበት እቃ ፍለጋ የመጣን መካኒክ ኔትወርክ እስኪመጣ ጠብቅ አልለውም። ባለፈው አንዱ የናይት ሽፍት ልጅ ቁጥሩን አስገብቶ መደርደሪያውን በራሱ አግኝቶ እቃውን ይዞ ሲሄድ አየሁትና ወላሂ እንባዬ መጣ። በፊት እኮ ጋሼን ከቤታቸው ቀስቅሰን ነበር የምናመጣቸው።

አንተማ እዛ ሻርጃ መጋዘን ስካነር ይዘህ ነው የምትውለው፣ ይሄ ሁሉ ትንሽ ነገር ሊመስልህ ይችላል። ግን አንድ ነገር እፈልግሃለሁ። ኮድ ያልሰጠናቸው 11 ካርዶች ቀርተውናል። ከነሱ አንዱ ጀርባ ላይ በአንተ እጅ ጽሑፍ፣ በዛ ወደ ግራ በሚያጋድለው፣ «ቀሪው ቀዩ ሳጥን ውስጥ» ይላል፣ ግንቦት 2011። ከጋሼ ጋር ስቶሩን አገላብጠን ፈለግን፣ ሁለት ቀይ ሳጥን ነው ያለው፣ ሁለቱም ውስጥ የለም። የቱን ሳጥን ነው ያልከው? የካርዱን ፎቶ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ፣ ከስራ ስትወጣ እየውና ንገረኝ፣ ጋሼም በየጠዋቱ «መለሰ?» እያሉ ይጠይቁኛል።

ወንድምህ