ልጆቹ የሳሉት ፍጡር እንዴት ነው ሚተነፍሰው?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው በልጆች አምዳችሁ ላይ ባህር ውስጥ የሚኖር ከራሳችሁ የፈለቀ ፍጡር ሳሉ ብላችሁ ልጆቹ የላኩትን ስላወጣችሁ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ባዮሎጂ ስለማስተምር እንዲ አይነት ነገር ጋዜጣ ላይ ሳይ ልቤ ነው ሚሞላው። ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ፣ ከስዕሉ ስር የፍጡሩ ስምና የልጁ እድሜ ብቻ ነው ያለው፣ ምን ይበላል በምን ይተነፍሳል ሚል አንድ ጥያቄ እንኳን የለም፣ ልጆቹ እኮ ብትጠይቋቸው አሪፍ አርገው ያስቡበታል።

አብዛኞቹ የሳሉት ያው ሜርሜይድ ነው፣ ከወገብ በላይ ሴት ከወገብ በታች ዓሣ። ጭራዋን አይታችሁታል? አንዱ ስዕል ላይ እንደ ዓሣ ቆሟል ሌላው ላይ ደግሞ እንደ ዶልፊን ተኝቷል፣ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። ዓሣ ሰውነቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ስለሚዋኝ ጭራው የቆመ ነው፣ የዶልፊንና የዓሣ ነባሪ ቅድመ አያቶች ግን ድሮ በአራት እግራቸው የብስ ላይ ይሄዱ የነበሩ አጥቢዎች ናቸው፣ አጥቢ ሲሮጥ ወገቡ ላይና ታች ነው ሚታጠፈው፣ ስለዚ ጭራቸውም ተኝቶ ቀረ። የሰው ወገብ ላላት ፍጡርም የተኛው ነው ሚሆናት።

ከዛ ትንፋሽ አለ። ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከአየሩ በጣም ያነሰ ነው፣ ደመ ቀዝቃዛ ዓሣ በስንጥቡ አጣርቶ ይበቃዋል፣ የሰው አእምሮ የሚያክል ነገር ይዞ ደሙም ሞቃት ለሆነ ግን አይበቃም፣ ስለዚ ሳንባ ያስፈልጋታል እየወጣችም መተንፈስ አለባት። ብርዱስ? ውሃ ከአየር 25 ጊዜ ገደማ በፈጠነ ሁኔታ ሙቀት ይወስዳል፣ እንደዛ ቀጭን ሆና አትችለውም፣ ከቆዳዋ ስር ወፍራም ስብ ያስፈልጋታል። ጨውም አለ፣ የቀይ ባህር አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 40 ግራም ገደማ ጨው አለ፣ የኛ ኩላሊት እሱን ማስወጣት አይችልም።

አሁን ልጆቹ እንዲ እያረጉ ስዕላቸውን ሲያስተካክሉ ምን ላይ እንደሚደርሱ ታውቃላችሁ? ዱጎንግ! የምር ያለ እንስሳ ነው፣ እዚሁ ቅርባችን ቀይ ባህር ውስጥ ዳህላክ ደሴቶች አካባቢ ይኖራል። 3 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ሳንባ አለው፣ ጭራው የተኛ ነው፣ ከባህሩ ወለል ላይ ሳር ይግጣል፣ የሴቷ ጡቶች ብብቷ ስር ናቸው፣ ግልገሏ ከጎኗ እየዋኘ ክንፏ ስር ገብቶ ይጠባል። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1493 ካሪቢያን ላይ ሦስት ሜርሜይድ አየሁ ግን እንደሚሳሉት ቆንጆ አይደሉም ብሎ የፃፈው የዱጎንግን ዘመድ ማናቲን አይቶ እንደሆነ ነው ሚታመነው። ተማሪዎቼን ሁሌ ሚያስደንቃቸው ደግሞ ይሄ ነው፣ የብስ ላይ ካሉት እንስሳት የዱጎንግ የቅርብ ዘመዶቹ ዝሆንና ሽኮኮ ናቸው፣ አዎ ያ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሚሞቀው የኛው ሽኮኮ! ወንዱ ዱጎንግ እንደ ዝሆን ጥርሱ ወደ ውጪ ይወጣል።

ይሄን ሁሉ ምላችሁ እንስሳው እየጠፋ ስለሆነ ነው። ሴቷ በ3 ወይም እስከ 7 ዓመት አንዴ ነው ምትወልደው፣ መረብ ውስጥ ከገባች ደግሞ ወጥታ መተንፈስ ስለማትችል ታፍና ትሞታለች። ሰሜን ፓስፊክ የነበረው ትልቁ ዘመዷ የስቴለር የባህር ላም ሳይንስ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1741 ነው፣ በ1768 በአደን አልቋል፣ 27 ዓመት ብቻ።

ስለዚ ለሚቀጥለው ዙር ከስዕሉ ጋር በምን እንደሚተነፍስ፣ ጨውን ምን እንደሚያረገውና ልጁን እንዴት እንደሚያሳድግ ፃፉ በሏቸው፣ ከጎኑም የዱጎንግ ፎቶ አውጡ። መልሱን አንብቦ አስተያየት ሚሰጥ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ፣ ክፍያ አልፈልግም።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከአዳማ