ለልጄ፦ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ግምት ፈልጊ

ውድ ልጄ፣

የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። ፋይናንስና ፋይናንሻል ማኔጅመንት ለመማር በመምረጥሽ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ታውቂያለሽ። እኔም ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዚሁ ሙያ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ቢረዝም ታገሺኝ።

ሁለት ነገር ጽፈሽልኛል። አንደኛው፣ "የመጀመሪያው ዓመት አካውንቲንግ ብቻ ሆነብኝ፤ ፋይናንሱ መቼ ነው የሚጀምረው?" የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ "ፎርሙላዎቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ፤ ግን የገቡኝ አይመስለኝም" የሚል። ይህ ሁለተኛው በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ተማሪ ፎርሙላውን ከሸመደደ በኋላ የገባው ይመስለዋል። አንቺ ግን አንድ ነገር እንደጎደለ ታውቆሻል።

ከአካውንቲንጉ ልጀምር። አካውንቲንግ የሆነውን ይመዘግባል። ፋይናንስ ደግሞ ከዚያ ተነስቶ ወደፊት ስለሚሆነው ይወስናል። ገንዘቡ የት ይዋል? ከየት ይምጣ? ብንበደር ይሻላል ወይስ ባለቤቶቹ ይጨምሩ? ትርፉን እንከፋፈለው ወይስ ሥራው ላይ እንመልሰው? ፋይናንሻል ማኔጅመንት የሚባለው ትምህርት ሲጨመቅ እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው። መዝገብ ማንበብ የማይችል ሰው ግን አንዱንም በትክክል ሊመልስ አይችልም።

የአንዲት ሴት ታሪክ ልንገርሽ። ወርልድኮም የሚባል ትልቅ የአሜሪካ የቴሌኮም ኩባንያ ነበር። በሌሎች ኩባንያዎች መስመር ለመጠቀም በየጊዜው ይከፍላል። ይህ ክፍያ ተራ ወጪ ነው፤ በዚያው ዓመት ከገቢው ላይ መቀነስ አለበት። ገቢው ሲዳከም ግን የፋይናንስ ኃላፊዎቹ ክፍያውን እንደ ቋሚ ንብረት መመዝገብ ጀመሩ። ወጪው ከትርፍና ኪሳራ መግለጫው ወጥቶ በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ሀብት ሆኖ ተቀመጠ። የተቀየረው የተመዘገበበት ቦታ ብቻ ነው። ይህችው ብቻ ኪሳራውን ትርፍ አስመሰለችው። ነገሩን የደረሰበት ሲንቲያ ኩፐር የምትባለው የውስጥ ኦዲት ኃላፊና ቡድኗ ነው። አለቆቿ ዝም እንድትል ቢፈልጉም በማታ ጭምር መዝገቡን አገላብጣ አወጣችው። እ.ኤ.አ. በጁን 2002 ኩባንያው ከ3.8 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ወጪ ያለ ቦታው መመዝገቡን ይፋ አደረገ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ኪሳራ አወጀ።

ኩፐር ይህን የደረሰችበት በተራቀቀ ሞዴል አይደለም። ወጪ ምንድን ነው፣ ንብረትስ ምንድን ነው የሚለውን አንቺ አሁን የሰለቸሽን ትምህርት ጠንቅቃ ስለምታውቅ ነው። "ይሄ ለምን እዚህ ተመዘገበ?" ብላ ጠየቀች፤ አጥጋቢ መልስ እስክታገኝም አልተወችውም።

ልነግርሽ የምፈልገው ዋናው ነገር እሱ ነው ልጄ። በዚህ ትምህርት ውስጥ የምታገኚው እያንዳንዱ ቁጥር በአንድ ሰው ግምት ላይ የቆመ ነው። ቁጥሩን ከመጠቀምሽ በፊት ግምቱን ፈልጊው። ፎርሙላው የማይገባሽ ግምቱን ሳታዪ ስለምትገቢበት ነው።

ትርፍን ውሰጂ። ለአንድ ማሽን የአገልግሎት ዘመኑ 5 ዓመት ነው ብትይ በየዓመቱ የሚቀነሰው የእርጅና ወጪ ይበዛል፤ ትርፉ ያንሳል። 10 ዓመት ነው ብትይ ትርፉ ከፍ ይላል። ማሽኑ ግን ያው ማሽን ነው። ጥሬ ገንዘብ እንዲህ አይተጣጠፍም። ወይ አለ፣ ወይ የለም።

ትርፍና ጥሬ ገንዘብ እንዴት እንደሚለያዩ በቁጥር እንየው። አንድ ነጋዴ ዕቃ በ80 ይገዛል፤ በ100 ይሸጣል። አቅራቢው እጅ በእጅ ይፈልጋል። ደንበኞቹ ግን በ90 ቀን ዱቤ ነው የሚወስዱት። ሥራው ጥሩ ስለሆነ ሽያጩ በየወሩ እጥፍ ይሆናል። በመጀመሪያው ወር 80 ያወጣል፣ በሁለተኛው 160፣ በሦስተኛው 320። ሦስት ወር ሲሞላ በመዝገብ ላይ 140 ትርፍ አለው። ከእጁ ግን 560 ወጥቷል፤ አንድም ገንዘብ አልገባለትም። ደመወዝ በምን ይከፍላል? ኪራይስ? ይህ ሰው አትራፊ ነው፤ ነገር ግን ሊዘጋ ነው። ሽያጩ በፍጥነት ባደገ ቁጥር ደግሞ ችግሩ ይብስበታል።

ዎርኪንግ ካፒታል፣ ማለትም ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚያስፈልግ ገንዘብ የሚለው ምዕራፍ ስትደርሺበት አሰልቺ መስሎ ይታይሻል። ተሰብሳቢ (ደንበኞች ገና ያልከፈሉን)፣ ተከፋይ (እኛ ገና ያልከፈልነው)፣ የዕቃ ክምችት... የአክሲዮን ገበያ ወሬ የለበትም። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ ድርጅቶች ሲንገዳገዱ ያየሁት በአብዛኛው እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ እሱን ምዕራፍ አትዝለይው። ደጋግመሽ ሥሪው።

አሁን ወደ ፎርሙላዎቹ ልምጣ። የአሁን ዋጋ፣ ማለትም ወደፊት የሚገባ ገንዘብ ዛሬ ስንት ያወጣል የሚለውን በቃልሽ ይዘሻል። እስቲ እንሞክረው። አንድ ፕሮጀክት ዛሬ 1,000 ይፈልጋል። ከዚያ ለ5 ዓመት በየዓመቱ 300 ያስገባል። በ10 በመቶ ዲስካውንት ሬት (የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ በምንቀንስበት መቶኛ) ብታሰይው የገቢው የአሁን ዋጋ 1,137 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 137 ትርፍ አለው፤ ይሠራ። ሬቱን 16 በመቶ ብታደርጊው ግን ወደ 982 ይወርዳል። አሁን 18 ከሰረ፤ ይቅር። ፕሮጀክቱ አልተቀየረም። ስሌቱም ትክክል ነው። ውሳኔውን የገለበጠው አንድ ግምት ብቻ ነው። ያ 10 በመቶ ከየት መጣ? ማን መረጠው? የሥራውን ስጋት ያሳያል ወይስ አለቃው ፕሮጀክቱን ስለወደደው ነው? ደግሞስ በየዓመቱ 300 ይገባል ያለው ማነው? በፈተና ላይ ሬቱ ተሰጥቶሽ ነው የምትሠሪው። በሥራ ላይ ማንም አይሰጥሽም፤ ራስሽ ታመጪዋለሽ፤ ስትጠየቂም ትከራከሪለታለሽ።

ከፍ ያሉ ኮርሶች ላይ ስትደርሺም ይህንኑ ልማድ ያዢ። ሞዲግሊያኒና ሚለር የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጡት ጽሑፍ የኩባንያ ዋጋ በብድር ወይም በአክሲዮን በመቆሙ አይለወጥም አሉ። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ "ታዲያ ምን ያስጨንቀናል?" ይላሉ። አንቺ ግን ግምቶቹን በወረቀት ላይ ዘርዝሪያቸው። ታክስ የለም። መክሰር ወጪ የለውም። ሁሉም ሰው እኩል መረጃ አለው። ከዚያ አንድ በአንድ ሰርዣቸው። ታክስ ሲገባ ብድር ይጠቅማል፤ ወለዱ ታክስ የሚከፈልበትን ትርፍ ይቀንሳልና። የመክሰር አደጋ ሲገባ ደግሞ ብድር መብዛቱ ይጎዳል። የካፒታል አወቃቀር፣ ማለትም የብድርና የባለቤቶች ገንዘብ ድርሻ ትምህርት በሙሉ ከእነዚያ ከተሰረዙት መስመሮች ውስጥ ይወጣል።

የኢንቨስትመንት ስጋትን ያጠናውን ሃሪ ማርኮዊትዝን ደግሞ እንደምትወጂው እርግጠኛ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1952 ያለው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። የአንድን አክሲዮን ስጋት ለብቻው አትዩ፤ ከሌሎቹ ጋር አብሮ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ እዩ አለ። የዶክትሬት ጽሑፉን ሲያቀርብ ታዋቂው ኢኮኖሚስት ሚልተን ፍሪድማን "ይህ ኢኮኖሚክስ አይደለም" ብሎ እንደሞገተው ራሱ ተርኳል። እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ይህም ሐሳብ ግን ግምት አለው፦ አክሲዮኖቹ ትናንት አብረው የሄዱበት መንገድ ነገም ይቀጥላል የሚል ነው። ቀውስ ሲመጣ ግን ሁሉም ለመሸጥ ይሮጣል፤ ያልተያያዙ የሚመስሉት ነገሮች አብረው ይወድቃሉ።

ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የሚባለው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ፈንድ የወደቀው በዚህ ነው። ከአጋሮቹ ውስጥ ሁለቱ፣ ማይረን ስኮልስና ሮበርት መርተን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ኖቤል የተሸለሙ ሊቃውንት ናቸው። የስሌት ችሎታ አልጎደላቸውም። ነገር ግን ከራሳቸው ገንዘብ ከሃያ እጥፍ በላይ ተበድረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ሩሲያ ዕዳዋን መክፈል ስታቆም ገበያው ከግምታቸው ውጪ ሄደ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ። 14 የገንዘብ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን አዋጥተው ገበያውን ይዘው እንዳይወድቁ አደረጉ።

የቅርቡን ከፈለግሽ የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ አለ። የደንበኞቹን ተቀማጭ የረጅም ጊዜ ቦንድ (ወለድ የሚከፈልበት የብድር ሰነድ) ገዝቶበት ነበር። ቦንዶቹ አስተማማኝ ናቸው፤ አብዛኞቹ የመንግሥት ዋስትና ያላቸው ናቸው። ያልተጠነቀቀው ለወለድ መጨመር ነው። ይህን ራስሽ አስይው፦ በዓመት 2 በመቶ የሚከፍል የ10 ዓመት ቦንድ በ100 ገዛሽ። በማግስቱ የገበያው ወለድ 5 በመቶ ቢገባ፣ 2 ብቻ የሚከፍለውን በ100 የሚገዛሽ ስለማይኖር፣ የቦንድሽ ዋጋ ወደ 77 ይወርዳል። እስከ መጨረሻው ከያዝሽው 100ሽን ታገኚያለሽ። ነገር ግን አስቀማጮችሽ ገንዘባችንን ዛሬ አምጪ ካሉሽስ? እ.ኤ.አ. በማርች 9 ቀን 2023 ደንበኞቹ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር አወጡ። በማግስቱ ተዘጋ። ያንን የቦንድ ዋጋ ፎርሙላ አሁን ስትሠሪው ሌላ መልክ አይኖረውም?

ስለሌሎቹ ትምህርቶች ብዙ አልልም። ስታቲስቲክስን አክብሪው፤ ያለ እሱ ስጋት የሚለው ቃል ባዶ ነው። ኤክሴልን እስኪሰለችሽ ተለማመጂ። ስትሠሪ ግምቶችሽን በአንድ ገጽ ለብቻ አስቀምጪ፤ በስሌቱ ውስጥ አትቅበሪያቸው። የንግድ ሕግን አንብቢ፤ ብድር ውል ነው። ጽሑፍ ደግሞ ከምታስቢው በላይ ያስፈልግሻል። ሃያ ገጽ ስሌት ሠርተሽ ለሥራ አስኪያጅ የምታቀርቢው አንድ ገጽ ነው፤ ያቺ ገጽ ካልገባችው ልፋትሽ ገደል ገባ።

ሲኤፍኤና ኤሲሲኤ ስለሚባሉት ዓለም አቀፍ የሙያ ማረጋገጫዎችም ጠይቀሽኝ ነበር። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ሲኤፍኤ ሦስት ደረጃ ፈተና አለው፤ ወደ ኢንቨስትመንት ትንተናና የገንዘብ አስተዳደር ያደላል። ኤሲሲኤ ወደ አካውንቲንግና ኦዲት ነው። አሁን መቸኮል የለብሽም። መጀመሪያ ምን እንደሚያስደስትሽ እወቂ። ኩባንያ ውስጥ በጀትና ገንዘብ ማስተዳደር ነው? ባንክ ውስጥ ብድር መገምገም ነው? ኢንቨስትመንት መተንተን ነው? ሁሉም ፋይናንስ ይባላሉ እንጂ የቀን ውሏቸው አይመሳሰልም። ለዚህ ኢንተርንሺፕ ከወረቀቱ ይበልጥ ይረዳሻል። የተባለውን ብቻ ሠርተሽ አትምጪ፤ ገንዘብ ከመጠየቁ እስከ መከፈሉ በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ ተከታተዪ።

አንድ ቀን አለቃሽ "ይችን ቁጥር ትንሽ አስተካክያት" ይልሻል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በወንጀል መልክ አይደለም። "የሽያጭ ግምቱን ከፍ አድርጊው፤ ባንኩ እንዲያበድረን ነው" ይባላል። ያኔ ግምቱ ማስረጃ አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ። ካለው ቀይሪው፤ ምክንያቱንም ጻፊ። ከሌለው አትቀይሪው። ሥራ ሊያሳጣሽ ይችላል፤ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ግን እኔም አባትሽም አለንልሽ። ስምሽን በውሸት መግለጫ ላይ እንድታኖሪ በፍጹም አንፈልግም።

አንድ ኩባንያ መርጣችሁ የምትተነትኑበትን የቡድን ሥራችሁን በተመለከተ፣ ኩባንያ ስትመርጡ ስሙ የገነነውን ሳይሆን ሥራው የሚገባችሁን ምረጡ። ዓመታዊ ሪፖርቱን ስታገኙ ከሊቀመንበሩ መልእክት አትጀምሩ። መጀመሪያ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫውን ክፈቱ። ከሥራው የገባው ጥሬ ገንዘብ ከትርፉ ጋር ይቀራረባል ወይ? ዓመት ከዓመት እያነሰ ከሄደ ተሰብሳቢውን ተመልከቱ። ከዚያ በመግለጫው ግርጌ ያሉትን ማብራሪያዎች አንብቡ። ማሽኑ ለስንት ዓመት ያገለግላል እንዳሉ፣ የማይሰበሰብ ዱቤ ስንት ይሆናል ብለው እንደገመቱ እዚያ ታገኙታላችሁ። ስሌቱን ስትጨርሱ የግምቶቹን ገጽ ብቻ ላኪልኝ። የትኛው ቢሳሳት ውጤታችሁን እንደሚገለብጠው ለይቼ እጽፍልሻለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ