ቁጥርና ቀን የሌለው ማስታወቂያ፦ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ለሕዝብ የሚደርስበትን መንገድ ይመለከታል

ሐዋሳ ውስጥ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት እሰጣለሁ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒ ማሽንና አንድ አግዳሚ ወንበር አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ የፋይዳ መታወቂያ አትማለሁ። በቀን ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ሥራዬ ግን ሒሳብ የማልቀበልበት ነው። ሰዎች ስልካቸውን ዘርግተው «እስቲ ይህን ማስታወቂያ እየው፤ እውነት ነው? እኔን ይመለከታል? ቀኑ አላለፈም?» ይሉኛል። ብዙ ጊዜ መልስ የለኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከቱላ በኩል መጡ። የእህታቸው ልጅ በቴሌግራም የላከችላቸውን ደብዳቤ አሳዩኝ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ ነው፤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። አነበብኩላቸው፣ የሚጠየቁትን ማስረጃ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ዘጠኝ ገጽ ኮፒ አድርገን በክላሰር አስገብቼ ሸኘኋቸው። ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ፣ የዓምናው ነው አሉኝ» አሉ። ስልኩን ተቀብዬ ፎቶውን አጎላሁት። ቁጥርና ቀን የሚጻፍበት የላይኛው የቀኝ ጥግ ተቆርጧል። ማን እንደቆረጠው አላውቅም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሆነ ይሆናል። ቀን የሌለውን ወረቀት አምኜ እኚህን እናት መላኬ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የመሥሪያ ቤቱን ስም አላነሳም። አንድ ቢሮ ለማስወቀስ አልተነሳሁም፤ እንዲህ ያለው ነገር በየሳምንቱ ከተለያየ ቢሮ ይገጥመኛል።

ሕጉ ለዚህ ቦታ አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ አንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የማግኘትን መብት ያረጋግጣል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለመረጃ ጠያቂ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ይላል። ከዚያ በላይ ለእኔ ቢጤው የሚጠቅመው ሌላው ድንጋጌ ነው፦ መሥሪያ ቤቶች ማንም ሳይጠይቃቸው ስለሚሰጡት አገልግሎትና ስለ አሠራራቸው በቀላሉ በሚገኝ መንገድ እንዲያሳውቁ ግዴታ ጥሎባቸዋል። የአዋጁ መረጃ የማግኘት ክፍል በ2013 ዓ.ም. የሚዲያ አዋጁ ሲወጣም አልተሻረም። አፈጻጸሙን የመከታተል አደራ የተሰጠው ደግሞ ለእናንተ ነው።

ታዲያ በፌስቡክ ገጽ ላይ የተለጠፈ የወረቀት ፎቶ «በቀላሉ የሚገኝ» ነው? ትናንት የተለጠፈው ዛሬ ከሥር ይቀበራል። ፎቶ ስለሆነ በቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ዓይነ ስውር የሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደንበኛ አለኝ፤ ስልኩ ጽሑፍ ያነብለታል። ማስታወቂያው ላይ ሲደርስ ግን «ምስል» ብሎ ያልፈዋል። ያንኑ ሦስት መስመር ላነብለት ከግቢው ድረስ በባጃጅ ይመጣል። ሲጽፉት እኮ በኮምፒውተር ነው የጻፉት! ጽሑፉን ገልብጦ ከፎቶው ሥር መለጠፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

መንግሥት ወደ ዲጂታል መሄዱን አልቃወምም፤ እንጀራዬም ከዚያው ነው። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው የመንግሥት ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ቴሌብር መጣ፣ ፋይዳ መጣ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። አሥር ጣቱን አስነክቶ፣ ዓይኑን አስነስቶ ባለ 12 አኃዝ የፋይዳ ቁጥሩን የተቀበለ ሰው መንግሥት በደንብ ያውቀዋል። እሱ ግን ነገ የትኛው ቢሮ ምን እንደሚጠይቀው ከጎረቤት ይሰማል። በዚህ ላይ የሐሰት ደብዳቤው አለ። ማኅተም ቆርጦ መለጠፍ ድሮም ቀላል ነበር፤ አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ደብዳቤው እንዳለ ይሠራል። የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ ቁጥር 1185/2012 አሰራጩን ይቀጣል እንጂ እኔ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው እውነተኛውን አያሳየውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ማስታወቂያው ያልገባው ጊዜ «ይበቃ ይሆናል» እያለ ያለውን ማስረጃ ሁሉ ይልክልኛል፦ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የባንክ ደብተር። ማታ ማታ ከኮምፒውተሬ አጠፋዋለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህም የማያጠፋ ሱቅ አይጠፋም። የሚያስፈልገው በግልጽ ቢጻፍ ይህ ሁሉ ወረቀት የሰው ኮምፒውተር ውስጥ ባልገባ ነበር።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። መሥሪያ ቤቶችን ስትከታተሉ «ድረ ገጽ አላችሁ?» በሚለው ብቻ አትለፉ፤ ማስታወቂያቸውን አውጡና ተመልከቱ። ቁጥሩና ቀኑ በጽሑፉ መሐል ይግባ፤ ጥግ ላይ ብቻ ከሆነ ይቆረጣል። ማንን እንደሚመለከትና መቼ እንደሚያበቃ ይጻፍበት። ያለፈው «አልፏል» ተብሎ በቦታው ይቆይ እንጂ አይሰረዝ፤ በቁጥሩ ፈልጌ እውነት መሆኑን የማረጋግጥበት አንድ ገጽ ይኑር። ስማርት ስልክ ለሌለው ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። እዚህ እኛ ዘንድ በሲዳምኛም በአማርኛም ይሁን፤ እኚያ እናት በሲዳምኛ ቢያገኙት እኔ ዘንድ ባልመጡም ነበር።

ዘጠኙን ገጽ እኔ ዘንድ ትተውት ሄደዋል፤ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። «የዘንድሮው ሲወጣ ደውልልኝ» ብለውኛል። መውጣት አለመውጣቱን የምጠይቅበት ቦታ ካለ እባካችሁ አሳውቁኝ።

ከሠላምታ ጋር
ከሐዋሳ