ሚሞሪ ካርዱ ከደብዳቤው ጋር አለ

ለእህትዓለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹ፣ ባለቤትሽ፣ አባታችን ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጮቄ ብርድ እንደምታውቂው ነው፤ ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልሽ።

ከሁሉ በፊት ይቅር በይኝ። እናታችን ባረፉ ጊዜ ሞጣ መጥቼ አብሬሽ ማልቀስ ነበረብኝ። መንገድ ዝግ ነበር፣ ስልክም እንቢ አለ። ሁሉም ሲከፈት ደግሞ «አሁን ምን ብዬ ልደውል?» እያልኩ አፍሬ ቀረሁ፤ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ሳለን በየሴሚስተሩ ዳቦ ቆሎ ሲልኩልን የእኔን ለብቻ ቋጥረው፣ ስሜን አስጽፈው ነበር። አልረሳሁትም። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

ዛሬ ግን አላስችል ያለኝ ሌላ ነገር ሰምቼ ነው። ሁለተኛ ዲግሪሽን አቋርጠሻል አሉኝ። ኮርሱን ጨርሰሽ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ቀርቶሽ፣ «መጽሐፍ ከየት አመጣለሁ?» ብለሽ ትተሽዋል አሉኝ። አንጀቴ ነው የተላወሰው፤ ምክንያቱም እኔም ለጥቂት ተርፌያለሁ።

በነሐሴ 2015 በክልላችን በአማራ የሞባይል ዳታ ከተቋረጠ በኋላ መጽሐፍ ማንበብ የሚቻለው ኢንተርኔት ባለበት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከሮብ ገበያ ደብረ ማርቆስ ወርጄ፣ ዋይፋይ ያለበት ቤት ቁጭ ብዬ፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት በውሰት የሚሰጠውን የአፈር ኬሚስትሪ መጽሐፍ አወረድኩ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ማታ ልከፍተው ስል አይከፈትም። መጠኑን ባየው 2 ኪሎባይት! ለካ ያወረድኩት መጽሐፉን ሳይሆን የውሰት ፈቃዱን ኖሯል። ኤሲኤስኤም የሚባለው ፋይል እንደዚያ ነው፦ እንደ አዶቤ ዲጂታል ኤዲሽንስ ያለ መተግበሪያ ስልክሽ ላይ ጭነሽ፣ በመለያሽ ገብተሽ፣ ኢንተርኔት እያለ ስትከፍቺው ነው ዋናው መጽሐፍ የሚወርደው። ከወረደ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይነበባል፤ የውሰት ቀኑ ሲያልቅ ይዘጋል። ያን ሌሊት አለቀስኩ። በሳምንቱ ግን ተመልሼ ሄድኩ። አሁን መናኸሪያ ከመድረሴ በፊት ዋይፋዩንም ዳታውንም አጥፍቼ፣ መጽሐፉን መሐል ላይ ከፍቼ አይቼ ነው የምሳፈር። አንቺም እንደዚያ አድርጊ።

ያለ ቁልፍ፣ ማለትም ያለ ውሰት ፈቃድና ያለ መለያ የሚከፈቱት መጻሕፍት ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም። ለእነሱ ሪድኢራ የሚባለውን ከፕሌይ ስቶር ጫኚ። ነጻ ነው፣ ምዝገባ አይጠይቅም፣ ማስታወቂያ የለውም፤ ፒዲኤፍና ኢፐብ የሚባሉትን ሁለቱንም የመጽሐፍ ፋይል ዓይነቶች ይከፍታል። ሁለቱም ካሉ ለስልክ ኢፐቡን ውሰጂ። ፒዲኤፍ የታተመውን ገጽ እንዳለ ስለሚያሳይ፣ ፊደሉን ባጎላሽው ቁጥር መስመሩን ለመጨረስ ግራና ቀኝ ስትጎትቺ ትውያለሽ። ኢፐብ ግን ጽሑፉን በስክሪንሽ ልክ ያጥፈዋል። ሰፋፊ ሰንጠረዥ ሲኖር ብቻ ፒዲኤፉ ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ። ኢፐብ ላይ መተግበሪያው የሚያሳይሽን የገጽ ቁጥር ለጽሑፍሽ ማጣቀሻ እንዳታደርጊው። እኔ ለዓይኔ ብዬ ፊደሉን አጉልቼ፣ «ገጽ 611» ብዬ ጠቀስኩ። አማካሪዬ የታተመውን ይዘው «ይህ መጽሐፍ እኮ ያን ያህል ገጽ የለውም» አሉኝ። ፊደሉ በጎላ ቁጥር ገጹ ይበዛል። ኤፒኤ በሚባለው የማጣቀሻ አጻጻፍ ሥርዓት ቋሚ የገጽ ቁጥር ከሌለ ምዕራፉንና ንዑስ ርዕሱን፣ ወይም የአንቀጹን ቁጥር መጥቀስ ይቻላል፤ ፒዲኤፉ ካለ ደግሞ ገጹን ከእሱ አረጋግጪ። ስታነቢ ያሰመርሽበትንም ስልኩ ላይ ብቻ አትተዪው። የእኔ ስልክ ተበላሽቶ የሁለት ወር ማስታወሻዬ አብሮ ጠፍቷል። አሁን ማታ ማታ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ።

ደግሞ መጽሐፉ ኪስሽ ውስጥ ሲሆን የሚሆነውን ልንገርሽ። የእኔ ጥናት ስለ ኮምጣጣ አፈር ነው። የአፈሩ የኮምጣጣነት መለኪያ፣ ፒኤች የሚባለው፣ ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየሙ ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል የሚለውን ምዕራፍ ይዤ የጎረቤታችን የገብስ ማሳ ገባሁ። አንድ ቡቃያ ነቅለው ሰጡኝ። ሥሩ አጭር፣ ወፍራም፣ ጫፉ ቡኒ፤ ልክ ስልኬ ላይ እንዳለው ሥዕል። ሥዕሉን ሳሳያቸው ስልኩን ከእጄ ወስደው አዩትና «ታዲያ ኮምጣጣነቱን የሚቀንስ ኖራ ነዋ የሚያስፈልገው!» አሉ። ኔትወርክ አልነበረም። እህትዓለም፣ ያን ቀን ትምህርቴን አልተውም ብዬ ማልሁ።

አንቺ የማኅበረሰብ ጤና ነው የምትሠሪው፤ ከእኔ የበለጠ መጽሐፍ አለልሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ሕትመቶቹን በነጻ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ሂናሪ የሚባል ፕሮግራም ደግሞ እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የሕክምናና የጤና መጽሔቶችንና መጻሕፍትን ይከፍታል፤ መግቢያው የሚሰጠው ለተቋሙ ስለሆነ የዩኒቨርሲቲሽን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጠይቂ። የእኔ ለግብርና የሚሆነው አጎራ የሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም ነው፤ እሱንም ያገኘሁት ሠራተኛውን ጠይቄ ነው። ለሁለት ዓመት ሳልጠይቅ መቅረቴ ይቆጨኛል።

በፌስታል የጠቀለልኩት ሚሞሪ ካርድ ደብዳቤው ውስጥ አለ። መቅዳት የተፈቀዱትን ብቻ ነው ያደረግሁልሽ፤ በውሰት የወሰድኩት ከመለያዬ ጋር የታሰረ ስለሆነ ለአንቺ አይከፈትም። ካርዱን ስልክሽ ላይ ስታደርጊ ሪድኢራ ፋይሎችን ለማየት ፈቃድ ይጠይቅሻል፤ ፍቀጂለት። «ለእህትዓለም» የሚለውን ማኅደር ክፈቺ። መብራት ሲጠፋ ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጊው፤ ባትሪው ይቆይልሻል።

ካርዱን የሚያመጣልሽ የእህቴ ልጅ ማክሰኞ ይመለሳል። የጽሑፍሽን ርዕስና የጎደለሽን መጽሐፍ በወረቀት ጽፈሽ ስጪው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማርቆስ ስለምወርድ እዚያው አወርድልሻለሁ።

ናፋቂ እህትሽ፣
ከስናን